የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ አቋራጩ መንገድ ሲታጠር

ሐዋሳ ሜዳ ናት፤ ለሳይክል የተሠራች ትመስላለች። ጣጣው የሚመጣው አስፋልቱ አልቆ ቀጭኑ የእግር መንገድ ሲጀምር ነው። በዚህ ሳምንት የሕግ ሰዓታችን ላይ ከደወሉት አብዛኞቹ ያነሱት ይህንኑ ነው። እኔም ቅዳሜ ጠዋት በሳይክል ከከተማ ስለምወጣ ጉዳዩ ይመለከተኛል።

«ከቱላ ወደ ከተማ ለሥራ በሳይክል እመላለሳለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማልፍበትን አቋራጭ አንድ ገበሬ በእሾህ አጠረው። “እግረኛ ይለፍ፣ ሳይክል አይለፍ” ይላል። መብት አለው ወይ?» (ወጣት አድማጭ)

ወንድሜ፣ ለጊዜው ሳይክሉን እንተወው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት መንገዱ የማን ነው የሚለው ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ስለዚህ ሰውየው ባለይዞታ እንጂ የመሬቱ ባለቤት አይደለም። ይህን ሰምተህ ግን «እንግዲያው የሁላችንም ነው» ብለህ እንዳትገባበት። የይዞታ መብት ቀላል መብት አይደለም። ማሳው ውስጥ ማን እንደሚያልፍ የሚወስነው እሱ ነው።

መንገዱ የሕዝብ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መንገዶችን ከሕዝብ ንብረት ይመድባል። የሕዝብ መንገድ ደግሞ ስንት ዓመት ታጥሮ ቢያዝ በጊዜ ብዛት የግል አይሆንም።

እንዴት ይለያል? የቀበሌውን መሬት አስተዳደር ጠይቅ። ማሳው የሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ካለው ካርታ አለው፤ ወሰኑ ይታያል። መንገዱ ከወሰኑ ውጭ በሁለት ማሳ መካከል የሚያልፍ ከሆነ እሾሁ መነሳት አለበት። ወሰኑ ውስጥ ከሆነ ግን እስከ ዛሬ ያለፍከው በጉርብትና ነው ማለት ነው። ካርታ ከሌለ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ያዝ። «ከብቱ ወደ ውሃ የሚወርደው በዚህ ነበር» የሚል የሁለት አዛውንት ቃል ብዙ ነገር ይፈታል።

እሾሁን ግን በገዛ እጅህ እንዳታነሳ። መብቱ ያንተ ሆኖ ሳለ ንብረት አበላሸ ተብለህ የምትጠየቀው አንተ ትሆናለህ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰውየው እግረኛን አሳልፎ ሳይክልን የከለከለው ለክፋት ላይሆን ይችላል። ዝናብ በጣለ ማግስት ጎማ ጭቃው ላይ ትንሽ ቦይ ቀድዶ ያልፋል። ውሃው በዚያች ቦይ ይወርዳል። የሚቀጥለው ሰው ቦዩን ሸሽቶ በበቆሎው ጠርዝ ይነዳል። ክረምቱ ሲያልቅ መንገዱ ሁለት እጥፍ ሰፍቶ አንድ መስመር በቆሎ ጠፍቷል። ሄደህ «ጋሼ፣ ጭቃ ሲሆን ወርጄ እየገፋሁ ልለፍ» በለው። እኔ እንዲህ ብዬ ተሳክቶልኛል።

«ጓሮዬን ልጆች በሳይክል አቋርጠው ያልፋሉ። ለጋ እንሰቴን ሰበሩት። ባጥር “መንገድ ዘጋች” ይሉኛል።» (እናት አድማጭ)

እናቴ፣ ይጠሩት። ጓሮዎ የእርስዎ ይዞታ ነው፤ ሰው ስለለመደበት ብቻ የሕዝብ መንገድ አይሆንም። እምቢ ካሉ ሕጉ «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ መክሰስን ይፈቅዳል። ክሱ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ዝም ብለው ብዙ አይቆዩ። ግን ልጆች ናቸውና መጀመሪያ ወላጆቻቸውን ያነጋግሩ።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። ከጓሮዎ በስተጀርባ ወደ ዋናው መንገድ መውጫ የሌለው ጎረቤት ካለ፣ ካሣ ከፍሎ መተላለፊያ የመጠየቅ መብት አለው። የእሱን መውጫ አይዝጉ።

«ወንድሜ እንግሊዝ አገር ነው ያለው። ገጠር ውስጥ በእግር መንገድ ሳይክል ሲነዳ ባለመሬቱ አስቁሞ መለሰው። እዚያም እንዲህ አለ እንዴ?» (ከመናኸሪያ)

አለ፣ በደንብ አለ። እዚያ መሬት የግል ነው፤ በመሬቱ ላይ የሚያልፈው መንገድ ግን ተመዝግቦ ካርታ ላይ ሰፍሯል። በእንግሊዝና በዌልስ ቢጫ ቀስት ያለበት መንገድ የእግረኛ ብቻ ነው። ሰማያዊ ቀስት ያለበት የፈረስ መንገድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣ ሕግ ሳይክልም በዚያ ያልፋል፣ ለእግረኛና ለፈረሰኛ ቅድሚያ እየሰጠ። ወንድምሽ የገባው በቢጫው ከሆነ ባለመሬቱ ሊመልሰው ይችላል። በአብዛኛው ወንጀል ግን አይደለም፤ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። ስኮትላንድ ቢሆን ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2003 ከወጣው ሕግ ወዲህ በጥንቃቄ እስከነዳ ድረስ በአብዛኛው ገጠር ሳይክልም ይፈቀድለታል።

ለቱላው ወጣት የሚያስቀና ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። በእንግሊዝ ሕዝቡ ፈቃድ ሳይጠይቅ፣ በግልጽ፣ ማንም ሳይከለክለው 20 ዓመት የተመላለሰበት መንገድ የሕዝብ መንገድ ነው ተብሎ ይገመታል። መንገዱን ለሕዝብ የመተው ሐሳብ እንዳልነበረው ማስረዳት የባለመሬቱ ፈንታ ነው። የእኛም የእግር መንገዶች እንዲህ አንድ በአንድ ቢመዘገቡ እመኛለሁ። ግማሹ ጠብ ባልተነሳ ነበር።

«ማሳዬ መግቢያ ላይ ሽቦ ወጥሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ ሳይክል ቀርቷል። ጥፋት አለው?» (ጎልማሳ አድማጭ)

አለው፣ ጌታዬ። ማሳው የእርስዎ መሆኑ ምንም አይለውጥም። ማጠር መብትዎ ነው፤ አጥር ይታያል። ቀጭን ሽቦ ግን ሲመሽ አይታይም። ከሥራ ወደ ቤቱ ቁልቁል የሚበር ልጅ አንገቱ ላይ ሲያርፍበት ፍሬን ለመያዝ እንኳ ጊዜ አያገኝም። በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው እንዲክስ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ያዝዛል፤ አካል ከጎደለ ደግሞ የወንጀል ጉዳይ ነው። ቅንጭብ ይትከሉ፣ ወይም አግዳሚ እንጨት አድርገው ነጭ ጨርቅ ይስቀሉበት። ሽቦውን ግን ዛሬውኑ፣ ሳይመሽ ይፍቱት።