ባለ 4ኬ ቲቪ ላይ ፊልሙ ለምን ይደበዝዛል?

[ምስል፦ የበራ ቲቪ፤ ካሜራው ወደ ጀርባው ዞሮ የኤችዲኤምአይ መሰኪያዎቹን ያሳያል]

ቲቪው ባለ 4ኬ ነው። ቲቪው ላይ የምትሰኩት የአንድሮይድ ቲቪ ቦክስ ካርቶን ላይም 4ኬ ተብሎ ተጽፏል። ዩቲዩብ ጥርት ብሎ ይከፍታል፤ ወርሃዊ ክፍያ የምትከፍሉበት የፊልም መተግበሪያ ግን ምስሉ ደብዛዛ ነው፣ ወይም ድምፁ እየተሰማ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። ብዙ ሰው የሚጠረጥረው ኢንተርኔቱን ነው። ዩቲዩብ በ4ኬ ሳይቆራረጥ ከሄደ ግን ቅድሚያ መታየት ያለበት ፊልሙ እንዳይቀዳ የሚጠብቀው የቅጂ መከላከያ ነው። መከላከያው ሁለት ቦታ ላይ ይፈትሻችኋል፤ አንዱ ቦክሱ ውስጥ፣ ሌላው ገመዱ ላይ።

[ምስል፦ የተከፈተ ቲቪ ቦክስ፣ ፕሮሰሰሩ በቀይ ተከቦ]

ፊልሙ ከሰርቨር የሚመጣው ተቆልፎ ነው። አንድሮይድ ላይ ቁልፉን የሚፈታው ዋይድቫይን ይባላል፤ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2010 የገዛው ቴክኖሎጂ ነው። ደረጃዎቹ ሦስት ሲሆኑ በእጃችሁ የሚገባው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ኤል1 ወይም ኤል3 ነው። በኤል1 ቁልፉም ምስሉም የሚያዙት ከአንድሮይድ በተነጠለ፣ ፕሮሰሰሩ ውስጥ በታጠረ ክፍል ነው። በኤል3 ግን ሁሉም ነገር በሶፍትዌር ይሠራል። ሶፍትዌርን መሰለል ስለሚቻል፣ ፊልም አቅራቢዎች ለኤል3 ብዙ ጊዜ ከ480ፒ (480 የነጥብ መስመር) እምብዛም ያልዘለለ ደብዛዛ ምስል ይልካሉ።

ካርቶኑ ላይ ያለው 4ኬ የሚለው ቺፑ 4ኬ ቪዲዮ ማጫወት እንደሚችል ብቻ ነው። ስለ ኤል1 ምንም አይናገርም። ገዢው ይህን ቤቱ ገብቶ ማወቁ ተገቢ አይደለም፤ ካርቶኑ ላይ በግልጽ መጻፍ ነበረበት።

ለማረጋገጥ ዲአርኤም ኢንፎ የተባለውን ነፃ መተግበሪያ ጫኑና ዋይድቫይን ከሚለው ስር የደህንነት ደረጃውን ተመልከቱ። ፋብሪካው የኤል1 ቁልፍ ያላስገባበትን ዕቃ በኋላ መተግበሪያ በመጫን ኤል1 ማድረግ አይቻልም። ያገለገለ ስልክ ስትገዙም ይህንኑ አድርጉ፤ ቡትሎደሩ (ስልኩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) የተከፈተ ስልክ ብዙ ጊዜ ከኤል1 ወደ ኤል3 ይወርዳል። ኔትፍሊክስን የመሰሉ አገልግሎቶች ደግሞ በኤል1 ብቻ አይረኩም፤ ራሳቸው መርምረው ያጸደቁት ሞዴል መሆኑንም ያያሉ።

[ምስል፦ ከቦክስ ወደ ሆም ቲያትር፣ ከዚያ ወደ ቲቪ የሚሄድ የገመድ ንድፍ]

ወደ ገመዱ እንምጣ። ምስሉ ከቦክሱ ሲወጣ መሃል ላይ መቅጃ እንዳይሰካበት እንደገና ይቆለፋል። ይህን የሚሠራው ኢንቴል ያዘጋጀው ኤችዲሲፒ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ዋና ቁልፍ እ.ኤ.አ. መስከረም 2010 አፈትልኮ ወጣ፤ ኢንቴልም አረጋገጠ። ዋና ቁልፉን የያዘ ሰው ለፈለገው መሣሪያ ቁልፍ ማውጣት ይችላል፤ በየቤቱ የገባውን ዕቃ ሁሉ ሰብስቦ ማደስ ደግሞ አይሆንም። ለዚህም ነው የ4ኬ ፊልሞች እ.ኤ.አ. በ2013 የመጣውን ኤችዲሲፒ 2.2ን የሚጠይቁት። ይህ ስሪት የመልሱን ፍጥነት ሳይቀር ይለካል፤ ቲቪው በ20 ሚሊሰከንድ ውስጥ ካልመለሰ ተቀባዩ ሩቅ ነው ተብሎ ይዘጋል።

ችግር የሚፈጥረው ብዙ ጊዜ መሃል ላይ ያለው ዕቃ ነው። ቦክሱም ቲቪውም ኤችዲሲፒ 2.2 ቢሆኑ፣ በመካከላቸው የገባው አሮጌ ሆም ቲያትር ኤችዲሲፒ 1.4 ከሆነ ምስሉ ወደ 1080ፒ ይወርዳል ወይም ይጠፋል። መፍትሔው ቦክሱን በቀጥታ ቲቪው ላይ መሰካትና ድምፁን ኤአርሲ ከሚለው መሰኪያ ወይም በኦፕቲካል ገመድ ወደ ሆም ቲያትሩ መመለስ ነው። ቪጂኤ ብቻ ያለው አሮጌ ፕሮጀክተር ላይ በኮንቨርተር ስትሰኩ ሜኑው እየታየ ፊልሙ የሚጠቁረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቪጂኤ ላይ ቁልፍ የሚባል ነገር የለም።

[ምስል፦ እጅ ገመድ ሲነቅልና ሲሰካ]

ስትፈትሹ መሃል ያለውን ሁሉ አውጡና ከ2 ሜትር በማይበልጥ ገመድ ቦክሱን ከቲቪው ጋር አገናኙ። አንዳንድ ቲቪ 2.2ን የሚቀበለው በአንድ መሰኪያ ብቻ ስለሆነ ከመሰኪያው አጠገብ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ጽሑፍ ከሌለ ሁሉንም ሞክሩ። ቀጥሎ ሁለቱንም ከሶኬት ንቀሉ፤ ቲቪውን አብሩ፣ ምስል ሲያሳይ ቦክሱን አስከትሉ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁለቱ እኩል ይነሳሉ፤ ቦክሱ ቲቪው ሳይዘጋጅ ቁልፍ ከጠየቀ ትውውቁ ይከሽፋል።

ገመድ የምትቀይሩት በመጨረሻ ነው። “ኤችዲሲፒ 2.2 ያለው ገመድ” ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑ፤ ቁልፉ ያለው መሣሪያዎቹ ውስጥ እንጂ ሽቦው ውስጥ አይደለም። ለ4ኬ በ60 ፍሬም ከገመዱ የሚፈለገው በሰከንድ 18 ጊጋቢት ማሳለፉ ነው።