ባልዲና አንድ ቁንጥር በርበሬ፦ ከኩሽና አይላንድ በላይ መብራት ስለ መስቀል

ሜሮን፦ እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ወሬያችን የሚጀምረው ከእኔ ጥፋት ነው። ጋሽ ታደሰ ፎቶውን ከላክሁላቸው ጊዜ ጀምሮ እየሳቁብኝ ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ አልሳቅሁም። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየሁት እንጂ።

ሜሮን፦ ነገሩ እንዲህ ነው። ካዛንቺስ ያለው ቤታችን ሲታደስ በኩሽናውና በሳሎኑ መካከል አይላንድ፣ ማለትም ዙሪያውን የሚቆሙበት የሥራ ጠረጴዛ፣ አሠራን፤ ርዝመቱ 1.80 ሜትር፣ ላዩ ግራናይት። ግራናይቱ ሳይገጠም እኔ መርካቶ ሄጄ ሦስት ተንጠልጣይ መብራት ገዝቼ ተመለስሁ። በሱቁ ውስጥ ሁሉም በርተው ሳያቸው የትኛውን ትቼ የትኛውን ልውሰድ ብዬ ተጨንቄ ነበር።

ጋሽ ታደሰ፦ ሁሉም በርተው ሳለ የትኛው እንደሚያበራ በምን ታውቂያለሽ? ባለሱቁን «ሌላውን አጥፋልኝና ይህን ብቻ አብራው» ማለት ነበረብሽ።

ሜሮን፦ አፍሬ ነው። ብቻ ሠራተኛው መጥቶ ሰቀላቸው። ሽቦው የሚወጣው ከኮርኒሱ መካከል ነው፤ አይላንዱ ደግሞ ወደ ሳሎኑ ጠጋ ብሏል። ሦስቱንም እዚያው መካከል ላይ ሰበሰባቸው። አሁን ሽንኩርት ስከትፍ መብራቱ ከጀርባዬ ስለሆነ የምከትፈው በራሴ ጥላ ውስጥ ነው፤ ሶፋ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ደግሞ አምፖሉን ፊት ለፊት እያየ ያፈጥበታል።

ጋሽ ታደሰ፦ እጅሽ ጨለማ ውስጥ፣ የእንግዳሽ ዓይን ብርሃን ውስጥ። መገልበጥ ነበረበት። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሽቦ ስስብ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ሰው መጀመሪያ የመብራቱን መልክ ይጠይቀኛል፣ ቁመቱን የሚጠይቀኝ ከተሰቀለ በኋላ ነው።

ሜሮን፦ እሺ፣ ቁመቱ ስንት ነው?

ጋሽ ታደሰ፦ ከግራናይቱ ላይ እስከ መብራቱ ግርጌ ከ75 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር። ሜትር ከሌለሽ ክርንሽን ግራናይቱ ላይ አስደግፈሽ ክንድሽን አቁሚና በላዩ አንድ ስንዝር ጨምሪ፤ ክንድ 50 ግድም ነው፣ ስንዝር 23 ግድም። ከዚያ በታች አትውረጂ። የቤትሽ ጣሪያ ስንት ሜትር ነው?

ሜሮን፦ 2.70።

ጋሽ ታደሰ፦ አይላንዱ 90 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ክፍተቱን 80 ብንይዝ፣ ከጣሪያው እስከ መብራቱ ግርጌ የሚቀረው አንድ ሜትር ነው። ግን ይህ መነሻ ነው። ባለቤትሽ ረጅም ከሆነ እሱን አቁመሽ ማየት ነው፤ ከአይላንዱ ማዶ የቆመ ሰው ፊት በመብራቱ እንዳይጋረድ። እስኪረጋገጥ ድረስ ደግሞ ሽቦው አይቆረጥ። ሽቦ ሲቆረጥ ቀላል ነው፤ ሲቀጠል ግን ያስጠላል።

ሜሮን፦ ሦስት መሆናቸውስ?

ጋሽ ታደሰ፦ የአንዱ ወርድ ስንት ነው?

ሜሮን፦ 30 ሴንቲ ሜትር።

ጋሽ ታደሰ፦ እንግዲህ 1.80ን ለሦስት ብትከፍይው የአንዱ መካከል ከሌላው መካከል 60 ይርቃል፤ ወርዳቸው ሲቀነስ በመካከላቸው የሚቀረው ባዶ ቦታ 30 ብቻ ነው። የመርካቶ ሱቅ መሰለሽ! ሁለት ይበቃል። አንዱ ከጫፉ በ45 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለተኛው በ1.35 ሜትር ላይ። በመካከላቸው 60 ሴንቲ ሜትር ባዶ ይኖራል፤ ዓይን ያርፍበታል። ሦስት ይሁን ካልሽ ጠበብ ያሉትን ፈልጊ።

ሜሮን፦ ሰው ግን በቁጥር ብቻ እንዴት ይገምታል?

ጋሽ ታደሰ፦ ባልዲ አንጠልጥዪ።

ሜሮን፦ ባልዲ?

ጋሽ ታደሰ፦ አፉ ከምትገዢው መብራት ወርድ ጋር የሚቀራረብ ባልዲ። በሲባጎ ከኮርኒሱ ላይ ወይም ከላይ ከተጋደመ እንጨት ላይ አንጠልጥዪው፣ ሁለት ቀን ይቆይ። ቡና ስታፈዪ፣ ልጆቹ ሲያጠኑ፣ ሰሃን ስታነሺ ግንባርሽን ከመታሽ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጊው። ባልዲ ሲመታሽ ትስቂያለሽ፤ መስታወት ሲመታሽ ግን ገንዘቡም ትዝ ይልሻል።

ሜሮን፦ ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ ቤቱ እያፈሰሰ ነው ብሎ ጣሪያ ላይ መውጣቱ ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ ይውጣ። ከወጣ አይቀር ጣሪያውን ራሱን ይመልከት፤ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ይሳሳታል። ጂፕሰም ኮርኒስ ላይ ከባድ መብራት አይሰቀልም፤ ማንጠልጠያው ጂፕሰሙን አልፎ ሶሌታው፣ ማለትም የኮንክሪቱ ጣሪያ፣ ውስጥ መግባት አለበት። በኮንዶሚኒየም ቤቶች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የብዙዎቹ ሶሌታ በኮንክሪት ወራጆች መካከል ክፍት ብሎኬት ተደርድሮ የተሠራ ነው። ድሪሉ ብሎኬቱ ክፍት ላይ ካረፈ እልም ብሎ ይገባል፣ ብሎኑ የሚገባበት ተራው የፕላስቲክ ፊሸር የሚይዘው ነገር አያገኝም። ወይ ወራጁን ፈልጎ መብሳት ነው፣ ወይም ውስጥ ገብቶ የሚከፈት ባለ ክንፍ ማያያዣ መጠቀም።

ሜሮን፦ ሽቦውን ከመካከል ወደ አይላንዱ ለማምጣት ጣሪያውን መቆፈር ግድ ነው?

ጋሽ ታደሰ፦ ጂፕሰም ስላለሽ በላዩ ይሳባል። የሌለው ሰው ሽቦውን ከመካከሉ አውጥቶ በግልጽ በትንሽ መንጠቆ ላይ ያሳልፈዋል፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስላል፣ ያምራልም። ብቻ ከመነካካት በፊት ማብሪያ ማጥፊያውን ሳይሆን ከቆጣሪው ዘንድ ያለውን ዋናውን ማጥፋት።

ሜሮን፦ አሁን ወደ ቀለሙ እንምጣ፤ ትልቁ ጉድ ያለው እዚያ ነው። እናቴ ለዶሮ ወጥ ቁሌት እያቁላላች ነበር። በርበሬውን ከጨመረች በኋላ ድስቱን ደጋግማ አየችና «አርሮብኛል» ብላ ውሃ ቸለሰችበት። ሸተትሁት፤ አላረረም። ድስቱን ወደ መስኮቱ ብንወስደው ቀይ ነው! መብራቱ ሥር ግን ጭቃ መስሎ ነበር።

ጋሽ ታደሰ፦ አምፖሉ ነጩ ነው?

ሜሮን፦ ነጩ። ካርቶኑ ላይ 6,500 ኬልቪን ይላል።

ጋሽ ታደሰ፦ ሁለት ነገር ተደራርቦብሻል። አንዱ ኬልቪኑ፣ የብርሃኑ ቀለም መለኪያ፣ ነው። እኛ ቢጫ የምንለው ከ2,700 እስከ 3,000 ነው፤ ነጩ 6,500 ግን ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ማታ ሲበራ ቤቱን ባንክ ያስመስለዋል። ምግብ ለሚበላበት ቦታ 3,000 ይሻላል። ሁለተኛው ግን በርበሬውን የከዳው ነው፤ ካርቶኑ ላይ ሲአርአይ ተብሎ ይጻፋል፤ አምፖሉ ቀለምን ምን ያህል በታማኝነት እንደሚያሳይ ይለካል። ሙሉው 100 ነው፣ ርካሾቹ 80 ግድም ናቸው።

ሜሮን፦ ከመቶ ሰማንያ ጥሩ ውጤት አይደለም?

ጋሽ ታደሰ፦ ለተማሪ ጥሩ ነው። ያ ቁጥር ግን የስምንት ፈዛዛ ቀለሞች አማካይ ነው፤ ደማቁ ቀይ ለብቻው አር9 ተብሎ ስለሚለካ አማካዩ ውስጥ የለም። ስለዚህ 80 ያገኘ አምፖል በቀይ ላይ ዜሮ አጠገብ ሊሆን ይችላል። ኩሽናችን ደግሞ ያለ ቀይ ምን አለው? በርበሬ፣ ሥጋ፣ ቲማቲም። 90 እና ከዚያ በላይ የተጻፈበትን ፈልጊ። የተጻፈውን ካላመንሽ አንድ ቁንጥር በርበሬ በወረቀት ጠቅልለሽ ወደ ሱቁ ይዘሽ ሂጂ፤ በአምፖሉ ሥር እዪው፣ ከዚያ በር ላይ ወጥተሽ በፀሐይ እዪው።

ሜሮን፦ ባለሱቁ መድኃኒት ልታደርግብኝ መጣች ይላል።

ጋሽ ታደሰ፦ ይበል፣ አንቺ በርበሬሽን እዪ። የመብራቱ አካልስ፣ አምፖሉ ይቀየራል?

ሜሮን፦ ይቀየራል፣ የሚጠመዘዝ ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ ተመስገን። ኤልኢዲው አብሮ የተጣበቀ ቢሆን ኖሮ፣ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ኃይሉ ከፍ ዝቅ ሲል አንድ ቀን ይቃጠልና ሙሉውን ትጥይዋለሽ። ሽፋኑ ምንድን ነው?

ሜሮን፦ መስታወት። በጨርቅ የተሸፈነውም አምሮኝ ነበር።

ጋሽ ታደሰ፦ ጨርቁ በአንድ ዓመት ውስጥ የዘይቱንና የእጣኑን ጭስ ጠጥቶ ይቀር ነበር። መስታወት ይታጠባል። ጥርት ያለ ከሆነ ግን አምፖሉ ዓይን ይወጋል፤ በወተት ቀለም የተነከረ አምፖል ግቢበት።

ሜሮን፦ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ማብሪያ ማጥፊያም አለን፤ ስቀንሰው ግን መብራቱ ይርገበገባል።

ጋሽ ታደሰ፦ ለድሮው አምፖል የተሠራ ይሆናል። ያ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ ቢያንስ 40 ወይም 60 ዋት ይፈልጋል፤ የአንቺ ሁለት ኤልኢዲ ባለ 9 ዋት ቢሆኑ 18 ዋት ብቻ ናቸው። ለኤልኢዲ የተሠራውን ግዢ፣ አምፖሉም የሚቀነስ ዓይነት መሆኑ ይጻፍበት። ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ፤ ሁለት ባልዲ አዘጋጂ።

ሜሮን፦ አንዱ ቀይ ነው፣ አንዱ ሰማያዊ።

ጋሽ ታደሰ፦ ወርዳቸው አንድ ይሁን እንጂ ግድ የለም። ቀዩን ግን በነጩ መብራት እንዳታዪው።

ሜሮን፦ ሦስተኛውን መብራትስ ምን ላድርገው?

ጋሽ ታደሰ፦ አልጋሽ አጠገብ ስቀዪው። አምፖሉን ለውጠሽ።