ኧርሁን ዩኒቨርሲቲ ያስገባው ሰው

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ውድ የሙዚቃ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ይህ መድረክ ላይ የምታዩት ኧርሁ ይባላል። የቻይና መሣሪያ ነው። ስታዩት መሰንቆ ትዝ ሳይላችሁ አይቀርም። ግን ሁለት ክር አለው፤ የደጋኑ ጭራ ደግሞ በሁለቱ ክሮች መሃል ነው የሚያልፈው። ከታች ያለችው ትንሽ ሳጥን በዘንዶ ቆዳ ተወጥራለች።

ዛሬ ስለ ቻይናዊው የኧርሁ መምህርና የዜማ ደራሲ ስለ ሊዩ ቲያንኋ ልነግራችሁ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ1895 ጂያንግዪን በምትባል የቻይና ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ ሻንጋይ ሄዶ የፈረንጅ የትንፋሽ መሣሪያ ተማረ። በ1915 አባቱ ሞቱ። ሥራ አልነበረውም፤ እሱም ታመመ። የመጀመሪያውን የኧርሁ ድርሰቱን የጀመረው ያኔ ነው። የጨረሰው በ1918 ነው።

በዚያ ዘመን ኧርሁ የለማኝ መሣሪያ ተብሎ ይናቅ ነበር። እኛም አገር «አዝማሪ» የሚለው ቃል ለስድብ ሲውል ሰምተን አድገናል፤ ስለዚህ ነገሩ ይገባናል። ሊዩ ግን በ1922 ቤጂንግ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ገባ፤ ኧርሁም አብሮት ገባ።

እኔን በጣም የሚነካኝ ይሄ ነው። መምህር ሆኖ ሳለ ቁጭ ብሎ ቫዮሊን ተማረ። ኧርሁን ሊተው አይደለም። ጣት በክሩ ላይ ወደ ታች እንዴት እንደሚሻገር፣ ደጋን እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ አጥንቶ ወደ ኧርሁ አመጣው። 10 የብቸኛ ኧርሁ ድርሰቶችና 47 መልመጃዎች ጻፈ። አርባ ሰባት! ለራሱ ዝና ብቻ የሚጽፍ ሰው ይህን ያህል መልመጃ አይጽፍም። ከኋላው የሚመጣው ተማሪ ይታየው ነበር።

በ1932 ቤጂንግ፣ ቲያንቺያዎ ሠፈር ሄደ። የመንገድ ከበሮና ቃጭል መቺዎችን ዜማ በኖታ ሊጽፍ ነበር። እዚያ ትኩሳት ያዘውና ሞተ። ገና 37 ዓመቱ ነበር።

በ1953 ቤጂንግ ሬዲዮ የባህል መሣሪያዎች ኦርኬስትራ አቋቋመ። ዛሬ በቻይና ኦርኬስትራ ውስጥ ኧርሁዎች ከመሪው በስተግራ፣ የፈረንጆቹ ቫዮሊኖች በሚቀመጡበት ቦታ ይቀመጣሉ።

አሁን ከሊዩ 10 የኧርሁ ድርሰቶች አንዱን እንሰማለን። ባዶ ተራራ ላይ ወፎች ሲንጫጩ የሚያሰማ ድርሰት ነው። የተጫዋቿን ግራ እጅ ተመልከቱ። ጣቷ ክሩ ላይ ስትንሸራተት ወፏ ያኔ ነው የምትጮኸው።