ከጋቢ ስር ስላለው ነገር
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አደራችሁ።

ብርዱን ችላችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ላይ እሁድ በጠዋት ከብርድ ልብስ መውጣት ራሱ እንደ መዋጮ ሊቆጠር ይገባዋል። ጸሐፊያችን ይመዝግቡልን።

የድንኳኑ፣ የወንበሩና የቅጣቱ ጉዳይ በሪፖርቱ ይቀርባል። እኔ ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላውራ። በየጋቢያችን ስር ስላለው።

አንድ ለቅሶ ላይ ነው። ስም አልጠራም፣ ሰውየውም ያውቀዋል። ምሳ ሊቀርብ ሲል አንድ ልጅ ማስታጠቢያ ይዞ ይዞር ነበር። ወንድማችን እጁን ሊታጠብ ጎንበስ ሲል ከወገቡ አንድ ነገር ሾለከ። የወንበሩን እግር መትቶ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ስልክ መስሎን ነበር። ሽጉጥ ነው። አፈሙዙ ሴቶቹ ወደተቀመጡበት ዞሯል። ልጁ ጆጉን እንዳዘነበለ ደርቆ ቀረ። ውሃው ማስታጠቢያውን ስቶ ጫማው ላይ ይፈሳል፣ እሱ ግን አያየውም።

ወንድማችን አነሳውና ሳቀ። «አይዟችሁ፣ ካዝናውን አውጥቼዋለሁ፣ ባዶ ነው» አለ። አንድ ወታደር የነበሩ አባታችን ምንም ሳይናገሩ ወደ ውጭ ይዘውት ወጡ። እኔም ተከተልኳቸው። ሽጉጡን ወደ መሬት አድርገው የላዩን ብረት ወደ ኋላ ሲስቡት ከውስጡ አንዲት ጥይት ዘላ ወጣች። አንስተው መዳፉ ላይ አስቀመጡለት። ከዚያ በኋላ አልሳቀም።

ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። አንድ ጊዜ ያቀባበሉት፣ ማለትም አንዷን ጥይት ከካዝናው ወደ በርሜሉ ያስገቡበት ሽጉጥ፣ ካዝናው ቢወጣም አንዷ ጥይት ውስጥ ትቀራለች። በካዝናው የነበሩትን ብቻ ነው ያወጣኸው። ባዶ መሆኑን የሚያውቀው ከፍቶ በዓይኑ ያየ ሰው ነው።

«ባረቀብኝ» የምንለው ቃል አለ። ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሽጉጡ ነው የባረቀው፣ እኔ የለሁበትም እንደማለት። ወገኖቼ፣ በራሱ የሚባርቅ መብረቅ ነው፣ እሱም ሰማይ ላይ ነው። ሽጉጥ የሚባርቀው ጣት ምላጩ ላይ ሲያርፍ ነው፤ ወይም ተቀባብሎ ያለ ማህደር ሱሪ ውስጥ ሲሻጥ፣ ወይም እንደዚያ ቀን ሲወድቅ። ሁሉም የሰው ሥራ ነው። ሕጉም የሚያየው እንደዚያ ነው። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን በእስር ያስቀጣል። «ሳላስበው ነው» የሚለው መልስ ነጻ አያወጣም።

መሣሪያ ለኛ አገር እንግዳ አይደለም። የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጠመንጃ ገጸ በረከት ይዞ አንኮበር ወጥቷል። ከዚያ በኋላ ውጅግራው መጣ፣ ምንሽሩ መጣ፣ ቤልጅጉ መጣ። በጠላት ጊዜ ራስ አበበ አረጋይና አርበኞቻቸው እዚሁ ሸዋ ላይ አምስት ዓመት ሙሉ ሲዋጉ ጠመንጃው ምን እንደሠራ ለእናንተ አልነግርም። የአርበኛ ልጆችና የልጅ ልጆች ናችሁ።

ግን ልብ በሉ። ምንሽር ይታያል። ትከሻ ላይ ነው። የያዘውን ሰው ከሩቅ ታየዋለህ፣ ነገርህን ትመርጣለህ፣ ልጅህን ታቅፋለህ፣ መንገድህን ትቀይራለህ። ጥንቃቄውን ሁለታችሁ ትካፈሉታላችሁ። ሽጉጥ ግን ስሙም የመጣው ከመሸጎጥ ነው። አይታይም። አጠገብህ የተቀመጠው ሰው ምን እንደያዝክ ስለማያውቅ ሊጠነቀቅልህ አይችልም። ስለዚህ ጥንቃቄው በሙሉ አንተ ላይ ይወድቃል። እኔ ዛሬ የምለው ይኸው ነው። የቀረው ዝርዝር ነው።

የኛ ብርድ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። ጋቢ፣ ከላይ ካፖርት፣ የመንዝ ሰው ከሆነ በርኖስ። ከዚያ ስር መትረየስ ቢኖር ማን ያውቃል?

አሁን የራሴን ልናገር። ሌላውን ብቻ ብወቅስ ደስ አይለኝም።

ፈቃድ ካወጣሁ ቆይቻለሁ። አንድ ቀን ከደብረ ሲና በሚኒባስ ስመለስ ከረዳቱ ጋር በመልስ ተጣላን። ሃያ ብር ነው። «ሰጥቼሃለሁ» አለ፣ «አልሰጠኸኝም» አልኩ። ጣርማ በርን ስናልፍ ጭቅጭቁ ጦፏል። እኔ ሳላዘው እጄ ወደ ወገቤ ሄደ። አላወጣሁትም። ጋቢዬን ብቻ ነው የነካሁት። ልጁ ግን አየ። ፊቱ ተለዋወጠ። ከደረት ኪሱ ሁለት አሥር ብር አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ። «ይቅርታ አባቴ» አለኝ።

ቤት ገብቼ ኪሴን ስፈትሽ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የመጀመሪያዋን ሃያ ብር። ልጁ እውነቱን ነበር። ሁለተኛውን ሃያ ብር የሰጠው ለኔ ሳይሆን ለወገቤ ነው። ካለ ሽጉጥ ብሆን ኖሮ ተሰዳድበን እንለያይ ነበር። በማግስቱ መናኸሪያ ሄጄ ፈለግሁት፣ አጣሁት።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ለራሴ ደንግጌያለሁ። ሽጉጥ ከያዝኩ በጭቅጭቅ ተሸናፊ እኔ ነኝ። ወረፋ ሲወሰድብኝ እተዋለሁ። መኪና ሲዘጋብኝ አሳልፋለሁ። ስሰደብ እሄዳለሁ። «ፈሪ ሆነ» የሚለኝ ካለ ይበል። መሳደብ ያማረኝ ቀን ሽጉጡን ቤት ትቼ እወጣለሁ።

መጠጥን በተመለከተ ብዙ አልልም። የአገራችን አረቄ ምን እንደሚያደርግ እዚህ ያለው ሁሉ ከኔ በላይ ያውቃል። አንድ መለኪያ ለመቅመስ ያሰበ ሰው መሣሪያውን ቤቱ ቆልፎ ይምጣ። «አንድ ብቻ» የሚባል አረቄ አላየሁም።

ሰርግና ቀብር ላይ ወደ ሰማይ መተኮስ የሚወዱ አሉ። ለክብር ነው ይላሉ። ጥይት ግን ሰማይ ላይ አትቀርም። ዘንበል ብላ የወጣች የክላሽ ጥይት ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች። ቀበሌያችንን አልፋ ሌላ ቀበሌ ገብታ የማን ቆርቆሮ ላይ እንደምታርፍ ተኳሹ አያውቅም። አንድ ሟች ልንሸኝ ሄደን ሁለተኛ ድንኳን ይዘን እንመለስ?

ይህን የምለው እኛ ቀባሪዎች ስለሆንን ነው። ጥሩምባው ሲነፋ «ማን ሞተ» ብለን እንወጣለን እንጂ «ማን ገደለ» ብለን አንጠይቅም። ሁለት ጎረቤታሞች ተጣልተው አንዱ ሽጉጥ ቢያወጣ፣ ሟችም ገዳይም የእድራችን አባል ናቸው። ድንኳኑን ለሟች ቤት እንተክላለን። የገዳይ ሚስት በማግስቱ እንጀራ ይዛ ትመጣለች? ማስታረቁ ለሽማግሌ ዓመታት ይፈጅበታል። ይህን ጥያቄ ለደንባችን አርቃቂዎች አቅርቤላቸው ነበር፣ እስካሁን መልስ አላመጡልኝም።

ስለ ሕጉ አጭር ልበል። በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ በፈቃድ እንደሚያዝ ይደነግጋል። ፈቃዱ በስምህ ነው። ለወንድምህ ልጅ «ለዛሬ ማታ ያዛት» ብለህ የምታውሰው አካፋ አይደለም። ፍተሻ ላይ ስትደርሱ ደግሞ እጃችሁን ወደ ወገብ አትስደዱ፣ ፈቃዱን ለማውጣትም ቢሆን። በዚህ ጊዜ ፈታሹም ሰው ነው፣ ይደነግጣል። እጃችሁ እየታየ «ሽጉጥ ይዣለሁ፣ ፈቃዴ በዚህ ኪሴ ነው» በሉና ቀጥሎ የሚላችሁን ጠብቁ።

ቤትም አለ። ፍራሽ ስር ማስቀመጥ መደበቅ አይደለም። አልጋ የሚያነጥፈው ማን ሆነና? ልጆች ናቸው። የሚቆለፍ ሳጥን ይኑር፣ ጥይቱም ለብቻው ይቀመጥ። እንግዳ ሲመጣ «እስኪ እያት» እያሉ ማዘዋወርም ይቅር።

የሥራ አመራሩ አንድ ሐሳብ ለጉባኤው ያቀርባል። የእድራችን ድንኳን ስር መሣሪያ አይገባም የሚል ነው። አንዳንዶች «በር ላይ ተቀብላችሁ አስቀምጡልን» ብላችኋል። አይሆንም። እድሩ ሰሐንና ብረት ድስት ይቆጥራል እንጂ የመሣሪያ ግምጃ ቤት አይደለም። ደግሞም በር ላይ አሥር ሽጉጥ እየወጣና እየገባ አንዱ አይባርቅም ያለው ማነው? ቤት ትታችሁ ኑ። «ሌሊት መንገዱ ያስፈራል» ለምትሉ፣ ስጋቱን አልንቀውም። ከለቅሶ ቤት በቡድን መሸኛኘት እንጀምር የሚል ሐሳብም አብሮ ቀርቧል፤ በእሱም ተነጋገሩበት።

እኔ ዛሬ ባዶ ወገቤን ነው የመጣሁት። ቀለል ብሎኛል፣ ወንበሩም አልቆረቆረኝም። ገንዘብ ያዣችን፣ ይቅረቡና የዓመቱን ሂሳብ ያሰሙን።