ዎከር የሚባለው ስም ከየት መጣ?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ ስለ አንድ የእንግሊዝ የቤተሰብ ስም ላወራችሁ ነው። ዎከር። እንግሊዝ አገር፣ በተለይ ሰሜኑ ላይ የኖረ ሰው ይህን ስም በየሱቁ ታፔላ ላይ ያየዋል። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው “የሚራመድ” ማለት ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ከስሙ ጀርባ ያለውን ሥራ ካወቅሁ ወዲህ ማለፍ አቅቶኛል።

ነገሩ ከሱፍ ጨርቅ ጋር የተያያዘ ነው። በመካከለኛው ዘመን ከሸማኔ እጅ የወጣ የሱፍ ጨርቅ እንዳለ አይለበስም ነበር። ሳሳ ያለ ነው፣ የበጉ ቅባት አለበት፣ ንፋስ ያስገባል። ስለዚህ ገንዳ ውስጥ ይነከርና ሰው ገብቶ በባዶ እግሩ ይረግጠዋል። ለሰዓታት። ክሩ እርስ በርሱ እስኪያያዝ፣ ጨርቁ ተኮማትሮ ጥቅጥቅ እስኪል ድረስ። ወንዝ ወርዶ ጋቢ በእንዶድ የረገጠ ሰው ነገሩ ይገባዋል። የገንዳው ውስጥ ግን ሌላ ነው። ከየቤቱ የተሰበሰበ የከረመ የሰው ሽንት ነበር። ሽንት ሲከርም አሞኒያ ይሆናል፣ አሞኒያው ቅባቱን ያስለቅቃል። ቅባት የሚመጥ ልዩ አፈርም ይጨመርበታል። በዚያ አገር ብርድ፣ በዚያ ሽታ መሀል ቆሞ ቀኑን ሙሉ መርገጥ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ዎከር ማለት እንግዲህ ይህ ሰው ነው። ረጋጩ።

ሥራው አንድ ሆኖ ስሙ ግን እንደየአገሩ ይለያያል። ደቡብ ምሥራቁ ፉለር ይለዋል። ደቡብ ምዕራቡ፣ ዴቨንና ኮርንዎል አካባቢ፣ ታከር። ሰሜኑ፣ ዮርክሻየርና ላንካሻየር፣ ስኮትላንድም ጭምር፣ ዎከር። ዛሬ ፉለር፣ ታከርና ዎከር የሚባሉ ሦስት ሰዎች አንድ ቢሮ ውስጥ ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ የሦስቱም ስም ከአንድ ገንዳ እንደወጣ ላያውቁ ይችላሉ። ኤክሰተር ከተማ ውስጥ የሸማኔዎችና የታከሮች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1471 የሠራው አዳራሽ እስከ ዛሬ ቆሟል።

እግሩን ደግሞ መዶሻ ተካው። በውሃ የሚዞር መንኮራኩር ከባድ የእንጨት መዶሻ እያነሣ ጨርቁ ላይ ይጥላል። እ.ኤ.አ. በ1185 በተጻፈው የቴምፕላሮች፣ ማለትም የመስቀል ጦረኞቹ መነኮሳት፣ የርስት መዝገብ ላይ፣ ዮርክሻየር ውስጥ ሊድስ ከተማ አጠገብ ኒውሳም በሚባል ቦታ እንዲህ ያለ ወፍጮ ተመዝግቧል። ረጋጩ ከገንዳው ወጣ፣ ስሙ ግን ቀረ። መዶሻውን የሚቆጣጠረው ሰው ራሱ ዎከር ተባለ።

በዚያን ጊዜ ስም ገና አልረጋም ነበር። አባት ረጋጭ ቢሆን ልጅ አናጢ ሆኖ በአናጢነቱ ሊጠራ ይችላል። ስም ከአባት ወደ ልጅ መውረስ ቀስ እያለ ነው የመጣው፤ ደቡቡ ቀደም አለ፣ ሰሜኑ ዘገየ። እ.ኤ.አ. በ1379 በዮርክሻየር የተሰበሰበው የነፍስ ወከፍ ግብር መዝገብ ላይ ስምና ሥራ ጎን ለጎን የተጻፈላቸው ሰዎች አሉ። አንዳንዱ ስሙና ሥራው ይገጥማል፣ አንዳንዱ አይገጥምም። የማይገጥሙት ይበልጥ ይስቡኛል። ስሙ ከሥራው ተላቆ ቤተሰብ መከተል የጀመረው እዚያ ላይ ነዋ።

እኔን በጣም የሚነካኝ ሌላ ነገር ነው። እኛ አገር የእጅ ሥራ ስም ስድብ ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠው ጠይብ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ እየተባለ ይሰደብ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። እንግሊዝ ውስጥ በሽንት ገንዳ የቆመው ሰው ስም ግን በልጅ ልጆቹ መታወቂያ ላይ ቀረ። ማንም አላፈረበትም፣ ማንም አልፋቀውም። የኛን ሸማኔና ቀጥቃጭ ሳስብ ይቆጨኛል። ያለበስን ሰው እኮ ነው።

ውጭ አገር የምንኖር ሰዎች ደግሞ ዛሬ ራሳችን ስም እያረጋን ነው። እኛ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። ፎርሙ ግን ሳጥን አለው፣ ሳጥኑ መሞላት አለበት። ብዙዎቻችን የአያታችንን ስም ጻፍንበት። ልጅ ሲወለድ ጥያቄው ይመጣል። እንደኛ ወግ ከሄድን የልጁ አያት ስም ይጻፋል፣ ያኔ አባትና ልጅ በወረቀት ላይ የተለያየ ቤተሰብ ይመስላሉ። አባትየው ሳጥኑ ላይ የጻፈውን ይያዝ ካልን ደግሞ አንድ ቅድመ አያት ለዘላለም የቤቱ ስም ይሆናል። ሰሜን እንግሊዝ በ1300ዎቹ ያለፈበትን እኛ በአንድ ትውልድ እያደረግነው ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሳንመካከር።

በእናንተ ቤት የማን ስም ቀረ? ማንስ ወሰነ? የዚያ ሰውዬ ሥራ ምን ነበር? አባታችሁን ወይም አክስታችሁን ጠይቁና በድምፅ ላኩልኝ። የሚቀጥለውን ክፍል በእናንተ ታሪክ እከፍተዋለሁ።