ሥራ ከለቀቁ በኋላ የሚዘገይ ጥቅማ ጥቅም፦ የዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከእህት ማኅበራት የተገኛችሁ እንግዶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

የሥራና የሂሳብ ሪፖርቱ ከእኔ ቀጥሎ ስለሚቀርብ እዚህ አልደግመውም። የመክፈቻውን ሰዓት በየዓመቱ «ልዩ ልዩ» በሚለው አጀንዳ ሥር ተነሥቶ፣ ሰዓት አለቀ ተብሎ ለሚታለፍ አንድ ጉዳይ ላውለው ፈቃዳችሁ ይሁን። በገዛ ፈቃዱ ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ ገንዘቡ ለምን ይዘገያል? እንዳይዘገይስ ምን መደረግ አለበት? የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው አቋም አጭር ነው። መዘግየቱ በአብዛኛው የሚጀመረው መልቀቂያው ከመጻፉ በፊት ነው፤ እየተራዘመ የሚሄደው ደግሞ በይሉኝታ ነው።

አስቀድመን ሁለት ነገር እንለይ። ሥራ የለቀቀ ሰው «ገንዘቤን ከለከሉኝ» ሲል ብዙ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ገንዘቦችን ደባልቆ ነው የሚጠራው። አንደኛው ቀጣሪው ራሱ የሚከፍለው ነው፦ ያልተከፈለ ደመወዝ፣ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ፣ የስንብት ክፍያ፣ ባለበት ድርጅት ደግሞ ፕሮቪደንት ፈንድ፣ ማለትም ሠራተኛውና ቀጣሪው በጋራ የሚያጠራቅሙት ገንዘብ። ሁለተኛው ጡረታ ነው፤ የሚከፍለው የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው። ሁለቱ በተለያየ ሕግ የሚገዙ፣ የሚጠየቁበትም ደጅ የተለያየ ነው። የስንብት ክፍያ ፍለጋ ማኅበራዊ ዋስትና ቢሮ ተሰልፎ የሚውል ሰው አለ። እሱ ሲመላለስ የቀጣሪው ዕዳ ቀን ይቆጥርበታል።

ከቀጣሪው እንጀምር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል ሲቋረጥ ለሠራተኛው የሚገባው ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል እንዳለበት ያዛል። ክርክር ያለበት ሂሳብ ቢኖር እንኳ ቀጣሪው ያመነውን ያህል በዚሁ ጊዜ መክፈል አለበት። «አንዷ ነገር እስክትጣራ ሁሉም ይቆይ» የሚባለው አሠራር ሕጉ ውስጥ የለም። ሕጉ ጊዜው እንዲራዘም የፈቀደው ሠራተኛው በራሱ ጥፋት የተረከበውን ንብረት ወይም ገንዘብ ሳይመልስ ወይም ሳያወራርድ ሲቀር ነው።

ክሊራንስ የሚባለው፣ ሠራተኛው ዕዳም ንብረትም እንደሌለበት የየክፍሉ ኃላፊ የሚፈርምበት ወረቀት ችግር የሚፈጥረውም እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ ከስቶር ወደ ፋይናንስ፣ ከፋይናንስ ወደ ቅርብ አለቃ፣ ከዚያም ወደ ቁጠባና ብድር ይዞራል። አንዱ ፈራሚ ፈቃድ ላይ ነው፤ ሌላው ስብሰባ ገብቷል። ፈራሚ መጥፋቱ የሠራተኛው ጥፋት አይደለም፤ ግን ንብረቱን የመለሰበት ማስረጃ በእጁ ከሌለ ይህን ማስረዳት አይችልም። ስለዚህ ክሊራንሱ እስኪዞር አትጠብቁ። ላፕቶፕ፣ የመሣሪያ ሣጥን፣ የደንብ ልብስ፣ ቁልፍ፣ መታወቂያ፣ ማንኛውንም የተረከባችሁትን በማስጠንቀቂያው ወር ውስጥ አስረክቡ። ገቢ የሆነበትን ሰነድ፣ በብዙ ቦታ ሞዴል 19 የሚባለውን፣ ኮፒውን ያዙ። ያልተወራረደ የውሎ አበል ወይም የጥቃቅን ወጪ ቅድሚያ ክፍያ ካለባችሁም እዚያው ወር ውስጥ አወራርዱት። አምስት መቶ ብር ያልተወራረደ ሂሳብ ሠላሳ ሺህ ብር ሊይዝ ይችላል።

የመልቀቂያ ደብዳቤው ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ሳይሰጥ ከሄደ ከሚከፈለው ገንዘብ ላይ እስከ 30 ቀን ደመወዝ በካሣ መልክ ሊታሰብበት ይችላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው። ደብዳቤው በሁለት ኮፒ ይጻፍ፤ መዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያረፈበት ኮፒ ከእናንተ ጋር ይቅር። በቴሌግራም ለአለቃ የተላከ መልእክት ደብዳቤን አይተካም። የመጨረሻውን የሥራ ቀን በግልጽ ጻፉ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው።

አንድ ምሳሌ እንይ። የመጨረሻው የሥራ ቀን ጥቅምት 30 ነው እንበል። በሳምንት 6 ቀን በሚሠራበት ድርጅት 7ኛው የሥራ ቀን፣ እሑድ እንደወደቀበት ሁኔታ፣ ኅዳር 8 ወይም 9 ላይ ይሞላል። በማግሥቱ ገንዘቡ ካልገባ ክፍያው ዘግይቷል። ውል ከመቋረጡ ጋር የተያያዘ የክፍያ ጥያቄ ግን በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም የመክሰሻው ጊዜ ያበቃል፤ በምሳሌያችን ሚያዝያ 30 ላይ ማለት ነው። ሰው የሚወድቀው እዚህ መሃል ነው። «ለገና ይከፈልሃል»፣ ቀጥሎ «በጀት ይለቀቅ»፣ ቀጥሎ «ከፋሲካ በኋላ ብቅ በል» ይባላል። ሠራተኛው የአሥር ዓመት ባልደረቦቹን መክሰስ ይከብደዋል፤ ዛሬ ነገ ሲባል ሚያዝያ ያልፋል። ከግንቦት በኋላ የቀድሞው ቀጣሪ ጠበቃ የሚያነሣው የመጀመሪያ መቃወሚያ ይርጋ ነው፤ ዳኛውም ይቀበለዋል።

የቃል ተስፋ ይርጋን አያቆምም። ቀጣሪው ዕዳውን አምኖ በጽሑፍ ከሰጠ፣ ወይም ጉዳዩ ሥልጣን ላለው አካል ከቀረበ ግን ይቋረጣል። ስለዚህ «ቆይ ትንሽ ታገሠን» ሲሏችሁ መልሳችሁ «እሺ፣ ይህን ያህል ብር እንዳለባችሁና በዚህ ቀን እንደሚከፈል ጻፉልኝ» ይሁን። የሚጽፍ ከሆነ ደግ ነው። የማይጽፍ ከሆነም ሐሳቡን ዐውቃችኋል።

ፍርድ ቤት መሄድ እንደሚፈራው ከባድ አይደለም። ሠራተኛ በሥራ ክርክር ችሎት ለሚያቀርበው ክስ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ችሎቱ በ60 ቀናት ውስጥ እንዲወስን ሕጉ ያዛል፤ በቀጠሮ ብዛት እንደሚያልፍ ሁላችንም እናውቃለን። በክሱ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ቀጣሪው በ7ቱ ቀናት ሳይከፍል ከቀረና መዘግየቱ ከአቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት ካልሆነ፣ ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ሊያዝበት ይችላል። «ሊያዝ ይችላል» ነው የሚለው፤ ግዴታ አይደለም። ካልጠየቃችሁት ደግሞ ማንም አያነሣላችሁም። ከሳሾች ዋናውን ሂሳብ ብቻ ጽፈው ይህችን መስመር ሲተዉ ቀጣሪ በማዘግየቱ የሚያጣው ነገር አይኖርም።

አሁን ወደ ሂሳቡ። የስንብት ክፍያ በፈቃዱ ለሚለቅ ሠራተኛ የሚከፈለው ቢያንስ 5 ዓመት ካገለገለና ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ ከሌለበት ነው። ድርጅቱ ውጭ አገር ልኮ ወይም ወጪ ሸፍኖ አሠልጥኗችሁ ከነበረ የፈረማችሁትን ግዴታ ከመልቀቃችሁ በፊት አውጥታችሁ አንብቡት። የሰው ኃይል ክፍሎች «ጡረታ እየተቆረጠልህ ስንብት የለህም» ሲሉ ይሰማል። ይህ የሚያገለግለው የጡረታ ዕድሜው ደርሶ ለሚሰናበት ሠራተኛ ነው፤ 5 ዓመት አገልግሎ በፈቃዱ ለሚለቅ ሰው አይሆንም።

ስሌቱ ይህ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ይባዛል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። የወር ደመወዙ 9,000 ብር የሆነና 8 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ የቀን ደመወዙ 300 ብር ነው። ለመጀመሪያው ዓመት 9,000፤ ለቀሪዎቹ 7 ዓመታት በየዓመቱ 3,000፣ ማለትም 21,000፤ ድምሩ 30,000 ብር። ብዙ ሠራተኛ «በዓመት አንድ ወር» ብሎ 72,000 ይጠብቅና 30,000 ሲመጣ ተበደልኩ ብሎ አልፈርምም ይላል። በዚህ አለመግባባት ብቻ ወራት የሚያልፉበት ጊዜ አለ። ሂሳቡን ከመልቀቃችሁ በፊት ራሳችሁ ሥሩት።

የዓመት ፈቃድ ላይ ያለው ጭቅጭቅ ደግሞ በአካፋዩ ላይ ነው። ሕጉ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት ሰጥቶ በየተጨማሪ 2 ዓመቱ 1 ቀን ይጨምራል። ያው ሠራተኛ 19 ያልተወሰዱ ቀናት አሉት እንበል። ደመወዙ ለ30 ከተካፈለ 5,700 ብር ያገኛል፤ ለ26፣ ማለትም ለወሩ የሥራ ቀናት፣ ከተካፈለ 6,577 ብር ገደማ። ፈቃዱ በሥራ ቀናት የሚቆጠር ስለሆነ መካፈል ያለበት ለ26 ነው የሚል አቋም አለን። ይህ በየሠራተኛው የሚጨቃጨቁበት ሳይሆን ማኅበሩና ቀጣሪው በሚፈራረሙት የኅብረት ስምምነት አንድ ጊዜ ተጽፎ የሚዘጋ ነገር ነው።

በቀጣሪው በደል የሚለቅ ሠራተኛ መንገዱ ሌላ ነው። ወሲባዊ ትንኮሳ፣ ሰብዓዊ ክብርን የሚነካ ድርጊት፣ ወይም ተነግሮት ያላስተካከለው ለሕይወት የሚያሰጋ አደጋ ካለ ያለማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይቻላል፤ የስንብት ክፍያም አለ፤ 5 ዓመት መሙላትም አይጠየቅም። ምክንያቱ ግን በጽሑፍ መገለጽ አለበት፤ መልቀቂያውም ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ከቆመ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ መቅረብ አለበት። «በግል ጉዳይ» ብሎ ጽፎ ከወጡ በኋላ እውነተኛውን ምክንያት ማንሣት በጣም ይከብዳል።

ፕሮቪደንት ፈንድ ላይ አጭር ነገር ልበል። የፈንዱን ደንብ ጠይቃችሁ አንብቡ። የቀጣሪው ድርሻ በስንት ዓመት አገልግሎት ሙሉ በሙሉ የሠራተኛው እንደሚሆን፣ ከፈንዱ የተወሰደ ብድር እንዴት እንደሚታሰብ፣ የባንክ ሂሳቡ ላይ እነማን እንደሚፈርሙ የሚገኘው እዚያ ነው። ከፈራሚዎቹ አንዱ ራሱ ሥራ ለቆ ስሙ ባንክ ዘንድ ያልተቀየረበት ፈንድ ካለ፣ ገንዘቡ ሞልቶ ተርፎ ማውጣት አይቻልም። የፈንድ ኮሚቴዎቻችን ከዛሬ ጀምረው ይህን ያጣሩ።

ወደ ጡረታው እንለፍ። ሥራ መልቀቅ ብቻውን አበል አያስጀምርም። መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ነው፤ ለዘለቄታ አበል ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። በ45 ዓመቱ የለቀቀ ሰው መዋጮው እንደ ባንክ ቁጠባ በማግሥቱ የሚወጣለት ገንዘብ አይደለም። አገልግሎቱ ግን አይጠፋም፤ ሌላ የግል ድርጅት ወይም መንግሥት መሥሪያ ቤት ሲገባ ይደመርለታል። ስለዚህ በለቀቃችሁ ጊዜ ከጡረታ አንጻር የምትፈልጉት ብር ሳይሆን የተሟላ ሰነድ ነው።

ከደመወዛችን 7 በመቶ፣ ከቀጣሪው 11 በመቶ፣ በድምሩ 18 በመቶ በየወሩ ገቢ መሆን አለበት። የደመወዝ መክፈያ ወረቀት ላይ «ጡረታ» ተብሎ መቆረጡ የጡረታ ፈንዱ ዘንድ መድረሱን አያረጋግጥም። ተቆርጦ ያልተላከ ወር ከ15 ዓመት በኋላ ጉድለት ሆኖ ይወጣል፤ ያኔ ድርጅቱ ተዘግቶ፣ የፔሮል ሠራተኛዋም ሄዳ ሊሆን ይችላል። አበሉም የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደመወዝ ስለሆነ፣ ደመወዝ ተጨምሮ መዋጮው በአሮጌው መጠን ሲላክ የቀረ ካለ ጉዳቱ ዕድሜ ልክ ነው።

ሦስት ነገር አጣሩ። መጀመሪያ ስም። «ኃይሉ» አንድ ቦታ በ«ኃ»፣ ሌላ ቦታ በ«ሀ» ይጻፋል፤ ፔሮሉ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲሆን ደግሞ በየዓመቱ ሌላ ሆሄ ይይዛል። የጡረታ መለያ ቁጥሩ፣ ፋይዳው፣ የባንክ ደብተሩና የቅጥር ደብዳቤው ላይ ያለው ስም እስከ አያት አንድ ይሁን። ሁለተኛ የልደት ዘመን። በ1960 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ፎርሙ ላይ በአውሮፓ አቆጣጠር 1960 ተብሎ ከተሞላበት በወረቀት 7 ወይም 8 ዓመት አርጅቷል። በጡረታ ሕጋችን ዋናው መጀመሪያ ሲቀጠሩ የተመዘገበው ስለሆነ፣ በኋላ የሚመጣ የልደት ካርድ ቀላል መፍትሔ አይሆንም። ሦስተኛ የአገልግሎት ቀናት። የሥራ ልምድ ወረቀቱ ላይ ያለው የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን ከስንብት ደብዳቤውና ከመዋጮው ወራት ጋር ይግጠም። የሥራ ልምድ ወረቀት ያለ ክፍያ የሚሰጥ መብት ነው፤ የሥራው ዓይነት፣ የአገልግሎቱ ጊዜና ደመወዙ ይጻፍበት።

የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት የተዘረጋው በአዋጅ ቁጥር 715/2003 መሆኑንም አስታውሱ፤ አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው። ከመጀመሪያው አዋጅ በፊት የተቀጠረ አባል የስንብት ክፍያው ከቅጥሩ ቀን ጀምሮ ይታሰባል፤ የጡረታ አገልግሎቱ ግን በቀጥታ ከዚያ ቀን ይቆጠራል ብሎ እንዳያስብ።

በከሰዓቱ ክፍለ ጊዜ ሥራ አስፈጻሚው ለኅብረት ስምምነት ድርድር አራት ሐሳቦች ያቀርባል። የክሊራንስ ፊርማ በ3 የሥራ ቀናት እንዲያልቅ፤ ፈራሚ በማይኖርበት ጊዜ ተወካዩ እንዲፈርም፤ የፈቃድ ክፍያ ለ26 ተካፍሎ እንዲታሰብ፤ የጡረታ መዋጮ ገቢ የተደረገበት ማስረጃ በየ6 ወሩ ለማኅበሩ እንዲሰጥ። ከአራቱ አንዱን ለመተው ብንገደድ የመጨረሻው እንዳይሆን አደራ እላለሁ፤ ሌሎቹን ፍርድ ቤት ሄዶ ማስተካከል ይቻላል፤ ከ15 ዓመት በኋላ የሚገኝ የመዋጮ ጉድለት ግን እጅግ አስቸጋሪ ነው።

በአዳራሹ መግቢያ በስተቀኝ የየክፍሉ ተወካዮች የጡረታ መለያ ቁጥርና የስም ዝርዝር ይዘው ተቀምጠዋል። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሁላችሁም ስማችሁንና የልደት ዘመናችሁን አይታችሁ ትክክል ከሆነ ፈርሙ፤ ስሕተት ካለ ቀይ ምልክት አድርጉበት። ለማረሚያው የሚሆን ሰነድ ኮፒ ያልያዘ እስከ ሰኞ ለተወካዩ ያምጣ።

በዚህም የዘንድሮው ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን አበሥራለሁ። ጸሐፊያችን ሪፖርቱን እንዲያቀርቡ መድረኩን ለቅቄያለሁ።