ማስቲሽ የሚስቡ ልጆችና የላብራቶሪ አይጦች

ቢኒ፦ እንደምን ከረማችሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው፣ ድምፁ ከገባባችሁ ይቅርታ። ጅማ ነው፣ ምን ይደረጋል። የዛሬውን ጉዳይ ያመጣሁት እኔ ነኝ። መናኸሪያ አካባቢ አንድ ልጅ አየሁ፣ ቢበዛ አስር ዓመቱ ነው። የሹራቡን እጅጌ እስከ ጣቱ ጎትቶ ውስጡ ሃይላንድ ደብቋል፤ አፉ ላይ ጠጋ ያደርግና ይስባል። ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ደግሞ ጫማ ሰፊው ያንኑ ማስቲሽ በአውራ ጣቱ ሶል ላይ ይቀባል። ነጃት፣ አንቺ ፋርማሲስት ነሽ። ሰው ሁሉ "ርሃብና ብርድ ለመርሳት ነው" ይላል። በቃ ይኸው ነው?

ነጃት፦ ርሃቡም አለ፣ ብርዱም አለ። ግን ይህንን ከሰው ይልቅ አይጥ ብትጠይቅ ይሻልሃል።

ቢኒ፦ ጀመረች!

ነጃት፦ ስማኝማ። የላብራቶሪ አይጥ በልታ ጠጥታ ነው የምታድረው። አይበርዳትም፣ "ሞክሪው" የሚል ጓደኛም የላትም። ሁለት ክፍል ያለው ሳጥን ይሠራላታል፣ ክፍሎቹ መልካቸው ይለያያል። በአንዱ የቶሉይን ትነት ትስባለች፣ በሌላው ንጹሕ አየር። ይህ ለቀናት ይደጋገማል። ከዚያ ትነቱ ይቀራል፣ በመሃል ያለው በር ይከፈታል፣ ደስ ያላትን ትምረጥ ተብላ ትለቀቃለች።

ቢኒ፦ እና ወደ ሽታው ክፍል ትሄዳለች።

ነጃት፦ መጠኑ ልክ ከነበረ እዚያ ትውላለች። ምንም የለበትም እኮ! ባዶ ሳጥን ነው። ወላሂ ይህንን መጀመሪያ ስማር ነው ነገሩ የገባኝ፤ ርሃብ ባይኖርም ዕቃው ራሱ ይጎትታል።

ቢኒ፦ ቶሉይን የምትዪው ምኑ ነው?

ነጃት፦ ማሟሟያው ነዋ። ማስቲሽ ውስጥ፣ ቲነር ውስጥ፣ አንዳንድ ቀለም ውስጥ አለ። ደግሞ አይጥ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 ያናጊታ የሚባል ጃፓናዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ጦጣዎች አፍንጫ ላይ ቀጭን ቱቦ አደረጉ፤ ጦጣው ማንሻ ሲጫን የቲነር ትነት ይመጣለታል። የተወሰኑት ራሳቸው እየተጫኑ ይስቡ ነበር። ማንም አላስገደዳቸውም።

ቢኒ፦ ስካሩስ? ልጁ ሲሄድ እንደ ሰከረ ሰው ነው የሚንገዳገደው።

ነጃት፦ አይጧም እንደዚያው ናት። ትንሽ ስትስብ ትቅበጠበጣለች፣ ከወዲያ ወዲህ ትሮጣለች። መጠኑ ሲጨምር ትንገዳገዳለች፣ እጇ አልጨብጥ ይላል፣ በመጨረሻ በጀርባዋ ብትገለበጥ መነሳት ያቅታታል። አረቄ ቤት በር ላይ ቁጭ ብለህ የምታየው ማለት ነው፣ መጀመሪያ ጨዋታ፣ ኋላ ግድግዳ መደገፍ። ልዩነቱ፣ ማስቲሽ ሰዓታት አይፈጅበትም። በሳንባ ገብቶ ወዲያው ጭንቅላት ላይ ይወጣል፣ ቶሎም ይለቃል። ለዚህ ነው ልጁ ሃይላንዷን ከእጁ የማይጥላት።

ቢኒ፦ አይጧ ግን የአልኮል ስሜት ይሁን ሌላ በምን ትናገራለች?

ነጃት፦ እኔ የምወደው ሙከራ እሱ ነው! እ.ኤ.አ. በ1987 ሮበርት ባልስተር የተባለ አሜሪካዊና ቡድኑ የሠሩት ነው። አይጧ አልኮል ከወሰደች አንዱን ማንሻ፣ ካልወሰደች ሌላውን እንድትጫን ትለማመዳለች፣ ከተሳሳተች ምግቧን አታገኝም። አንድ ቀን አልኮሉን ትተው ቶሉይን አሸተቷት። የትኛውን ተጫነች?

ቢኒ፦ የአልኮሉን።

ነጃት፦ የአልኮሉን! ስለዚህ "እነሱ እኮ ሽታ ነው የሚያሸቱት" የሚል ሰው ሲገጥመኝ ያበሽቀኛል።

ቢኒ፦ ቆይ፣ የእኔ አጎት እንጨት ቤት አለው። ቀኑን ሙሉ ቫርኒሽና ቲነር ሲሸተው ነው የሚውለው። እሱም ሰክሮ ነው?

ነጃት፦ መጠኑን እየው። አሜሪካ ውስጥ ለሠራተኛ የተፈቀደው ቶሉይን በ8 ሰዓት አማካይ፣ ከሚሊዮን የአየር ክፍል 200 ነው። ከሃይላንድ የሚስብ ልጅ ግን በሺዎች ነው የሚገባለት። አጎትህ ግን መስኮቱን ይክፈት፤ ራሱን የሚያመው ከሆነ ቡና ስላልጠጣሁ ነው ብሎ አይለፈው። በትልቅ መጠን ደጋግመው የሳቡ አይጦች ቀጭን ድምፅ መስማት አቅቷቸዋል።

ቢኒ፦ መስኮት ተዪው፣ በሩንም ዝናብ ይገባል ብሎ ነው የሚዘጋው።

ነጃት፦ እኔን የሚያስፈራኝ ግን የልብ ነገር ነው። አንዳንዶቹ ትነቶች ልብን ለአድሬናሊን፣ ስንደነግጥ ሰውነታችን ለሚያመነጨው ቅመም ማለት ነው፣ ስስ ያደርጉታል። ውሾች ላይ ታይቷል፤ ትነቱን ስበው አድሬናሊን ሲወጉ የልብ ምታቸው ተዘበራረቀ። ሰው ደግሞ መርፌ አያስፈልገውም፣ መደንገጥና መሮጥ ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ1970 አንድ አሜሪካዊ ሐኪም እየሳቡ በድንገት የሞቱ 110 ወጣቶችን ጉዳይ ሰብስቦ አሳትሟል። ስለዚህ ሲስብ ያየኸውን ልጅ አታባርረው፣ አትጩህበት። ቀስ ብለህ አናግረው፣ ወደ አየር አውጣው።

ቢኒ፦ ...

ነጃት፦ ምነው ዝም አልክ?

ቢኒ፦ ያንን ልጅ ጮኼበታለሁ እኮ። "ጣለው አንተ!" ብዬ።

ነጃት፦ ሮጠ?

ቢኒ፦ ሮጠ። በባጃጆቹ መሃል ነው የሮጠው። ነገ በዚያ በኩል ሄጄ ጫማ ሰፊውን እጠይቀዋለሁ፣ ሳያውቀው አይቀርም።